ባሕር አይተው የመጡት ጌታ

ነይ ሳህሊቱ፣ እዚህ እኔ ዘንድ ተቀመጪ። እዚያ ጥግ ዳሱ ያፈሳል። የእንሰት ቅጠሉን ጠዋት ነው የደረቡልኝ፤ ግን የዳሞታ ተራራ እንዲህ ደመና ከተከናነበ በኋላ የቱ ቅጠል ይመልሰዋል? መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልወጣ አለ። ዘንድሮ የጊፋታ በዓላችንም በጭቃ ሊያልፍ ነው። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ያቺን ትንሿን ጉንፋኑ ለቀቃት? እሰይ…

ትንሽ ጮክ ብዬ ባወራሽ አትቀየሚኝ። ለቅሶው ጆሮዬን ሳይደፍነው አልቀረም፣ የራሴ ድምፅ ለራሴ አይሰማኝም። ከአጠገባችን ያሉት እንደሆኑ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ በትልቅ ወሬ ላይ ናቸው፤ የሴት ጨዋታ የሚሰማ ጆሮ የላቸውም።

ሥጋ ደርሶሻል? ጨምሪ እንጂ! ዳታውን ቀስ በይ፣ በርበሬው ያቃጥላል። ለባሌ ተዝካር ይህን የመሰለ በሬ የጣለልኝ ማን እንደሆነ ሰምተሻል? በጊፋታ ሰሞን፣ በሬ በጠፋበት ሰሞን! እሳቸው ናቸዋ። እኚያ መሐል ላይ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት። የባሌ የሀብተጊዮርጊስ ታላቅ ወንድም መሆናቸውን ላንቺ መንገር አያሻኝም፣ ሶዶ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አንዳንድ አገር ግን ላይታወቅ ይችላል… ኧረ ምንም፣ ዝም ብዬ ነው።

ምን ታያለሽ? ልብሱን ነው? ነጭ ስለሆነ ነው? ተይ እንጂ። ባሕር ማዶ ያሰፉት ልብስ ነው፣ ዛሬ ካልተለበሰ መቼ ይለበስ? ሰው በሐዘን ጊዜ ጥቁር ይልበስ የሚባለው ለእንደኔና እንዳንቺ ላለው ነው። እሳቸው ጥቁሩን ከውስጥ ነው የለበሱት። እኔ አውቃለሁ።

ስለ ባሕሩ ሲያጫውቱ ሰምተሻቸው አታውቂም? ሰውም አይደለሽ! እኔ እንኳ ከሰማሁት ብዛት ዋና የለመድኩ ይመስለኛል። ይኸው የሽማግሌዎቹ አለቃ ባላምባራስ ዓምደሚካኤል አፋቸውን ከፍተው እየሰሟቸው አይደል? ስሚ እንጂ ላጫውትሽ፣ እኔ ስነግርሽ ይሻላል። እሳቸው ትሑት ስለሆኑ አንዳንድ ነገር ይዘላሉ።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት የጣሊያኑ ሹም አንዳንድ የተከበሩ ሰዎችን መርጦ አገሬን ላሳያችሁ አላቸው። ከሶዶ የተመረጡት እኚህ ናቸው። ለምን ተመረጡ ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ነው። ሰው ገና ጎንበስ ማለት ሳይማር እሳቸው ወገባቸውን አለማምደው ጠብቀዋል። ታዲያ ብቻቸውን መሄድ ከበዳቸው። እቤታችን ድረስ መጡና ሀብተጊዮርጊስን እጁን ይዘው፣ እንባቸው ባይናቸው ሞልቶ፣ «ብቻዬን በሰው አገር ብሞት ማን ይቀብረኛል? የእናቴ ልጅ፣ ተከተለኝ» አሉት። የእናቴ ልጅ! እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚያው ምሰሶው ሥር ቆሜ ነበር።

ሀብተጊዮርጊስ ደግሞ ታውቂዋለሽ። እምቢ ማለት አያውቅም። ሁምቦ ያለው መሬታችን በቆሎ የሚዘራበት ወቅት ነበር፣ በሬዎቹም ተጠምደው ነበር። «ወንድሜ ብቻውን አይሂድ» ብሎ ሞፈሩን ጥሎ ተነሣ። ስሸኘው የልጁን ግንባር ሳመና፣ «ባሕር የሚባለውን አይቼ መጥቼ እነግራችኋለሁ፣ ከአባያ ይበልጥ እንደሆነ እንጃ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ አይደል…

እሺ፣ ወደ ጨዋታችን። ምፅዋ ወርደው መርከብ ሲሳፈሩ፣ ለካ ሌሎቹ ጌቶች አሽከር አሽከራቸውን አስከትለዋል። ከቤሌ በኩል የሄዱት ጌታ እንኳ ባዳቾን ይዘው ነበር። ባዳቾን አታውቂውም? ያ የሚሲዮን ተማሪ የነበረው፣ ረጅሙ፣ ዝምተኛው። ዛሬም መጥቷል፣ ያውልሽ ከዳሱ አፍ ላይ ተቀምጧል። ታዲያ መርከበኛው ወደ ባሌ እያየ «ይህኛውስ ማነው?» ቢላቸው፣ የኛ ጌታ ዞር ብለው የሌሎቹን አሽከሮች አዩ፣ ዞር ብለው ወንድማቸውን አዩ… እና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አሽከሬ ነው።»

አትደንግጪ! ለክብር ነው እኮ። ትልቅ ሰው ያለ አሽከር በመርከብ ይሄዳል? ለአገራችን ክብር ብለው ነው። ሀብተጊዮርጊስም ነገሩን እንደ ቀልድ ይዞት፣ ሳቅ ብሎ ሻንጣቸውን አነሣ። እንዲያ ሆነና እሳቸው ከታች ጓዳ ውስጥ ለስላሳ አልጋ ላይ ሲተኙ፣ እሱ ከአሽከሮቹ ጋር ከላይ የመርከቡ ሜዳ ላይ፣ ባሕሩ እየረጨው አደረ። ወንድማቸው እንኳ ንፁሕ አየር ሲያገኝ እሳቸው እዚያ ታፍነው! ይህን ሲያወሩት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አያወሩትም። በጎ ሥራቸውን መናገር አይወዱም።

የጣሊያንን ከተሞች አንድ ባንድ ካሳዩዋቸው በኋላ፣ «በጣም ደክሟችኋል፣ ጥቂት ቀን ዕረፉ» ተብለው ሳንሬሞ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወሰዱ። ወይ ሳንሬሞ! አሁን ባላምባራስን የሚያጫውቷቸው ስለ እሷ ነው። ቤቱ ሁሉ ነጭ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ዘንባባ፣ አበባው እንደኛ አገር ጎመን በየደጁ የሚበቅል። የአገሩ ሰው ደግሞ፣ ሳህሊቱ፣ ፀሐይ ፍለጋ አሸዋ ላይ ይንጋለላል አሉ። ፀሐይ ፍለጋ! የሁምቦ ሰው ፀሐይ ሸሽቶ የዛፍ ጥላ ሲሻማ፣ እነዚያ ወዝ ተቀብተው እንደ ቋንጣ ይሰጣሉ።

ሴቶቹስ? ሴቶቹማ መቀነት በማታህል ጨርቅ ባሕር ውስጥ ይገባሉ አሉ። የኛ ጌታ ግን ጨዋ ናቸው። «ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት» አሉ። እውነት ነው፣ እንዲያውም አንዷ ቀይ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ ሦስተኛዋ ነጭ ባለ ሰማያዊ መስመር መልበሷን ሳይቀር ነግረውናል። ዓይን ተጨፍኖ ይህን ያህል ከታየ፣ ቢገለጥ ምን ሊሆን ነበር?

ጀላቲ የሚባል አለ ደግሞ። ወተት እንደ በረዶ አርገውት በማንኪያ የሚበላ። ማታ ማታ ሙዚቃ አለ፣ ቁማር የሚጫወቱበት አዳራሽ አለ፣ መብራቱ ከባሕሩ ላይ ሲያርፍ ኮከብ የወደቀ ይመስላል። እሳቸውም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ውኃው እግራቸውን አጠባቸው… እግራቸውን ብቻ ነው ያጠባቸው። ሌላ ሌላው እንዳለ መጥቷል።

አንቺ ግን አንድ ነገር ልብ ብለሻል? ይህ ሁሉ ጨዋታ ሲወራ ሀብተጊዮርጊስ የትም የለም። መብል ላይ የለም፣ ሙዚቃው ዘንድ የለም፣ ዘንባባው ሥር የለም። እኔ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ጌታዬ፣ የኔ ሰውስ ባሕሩን አየው?» ብላቸው፣ «እሱ ዕረፍት ላይ ነበር» አሉኝ። ዕረፍት… እንዴት ያለ ቃል ነው! ሰው ካልተማረ እንዲህ ያለ ቃል አያገኝም።

የመርከቡንም ሆነ የቀረውን የነገረኝ ባዳቾ ነው። ከመጣ ሰንብቷል፣ ግን ፈርቶ አልነገረኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት በራሱ ፈቃድ እቤቴ መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው፣ «እሜቴ፣ ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ አላስተኛ አለችኝ» አለኝ። ለመሐላ ተጠራ ቢባልም አይፈራም። ለነገሩ ማን መሐላ ይጠራዋል? የሴት ጨዋታ ነው።

ጌቶቹ ከላይ ባሕሩን የሚያይ ክፍል ሲሰጣቸው፣ አሽከሮቹን አልቤርጎው ሥር ከሰል የሚቀመጥበት ቤት አስገቧቸው አሉ። ሀብተጊዮርጊስ ከመርከቡ ጀምሮ ጎኑን ይወጋው ነበር። እዚያ ሲደርስ ትኩሳቱ ባሰበትና ደም ያለው አክታ ይተፋ ጀመር። ባዳቾ የገዛ ጋቢውን ደርቦለት፣ ውኃ እያጠጣው ሰነበተ። በኋላ የአልቤርጎው ጌታ ሰምቶ ሐኪም አመጣ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። አይቶት ሲያበቃ፣ «ይህ ሰው ዘመድ አለው ወይ? ዘመድ ካለው ከላይ ክፍል አልጋ ይሰጠው፣ ዘመዱ ያስታምመው፣ እኔም እየመጣሁ አየዋለሁ። ከሌለው ከከተማው ውጭ የድሆች ቤት አለ፣ እዚያ ይወሰድ» አለ።

ጥያቄው ቀላል ነው አይደል? ዘመድ አለው ወይ? አንቺን ቢጠይቁሽ ትመልሺያለሽ። ልጄን ቢጠይቋት ትመልሳለች።

አስተርጓሚው እሳቸውን ፍለጋ ወጣ፤ ባዳቾም ተከተለው። እሳቸው ደጅ፣ ከጃንጥላ ሥር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጀላቲ ይበላሉ። ሁለት ወይዛዝርትና አንድ መኮንን አብረዋቸው አሉ። የሶዶን ግማሽ የሚገዙ ጌታ እንደሆኑ እየነገሯቸው ነበር መሰለኝ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ፣ «ያ የታመመው ሰው ዘመድዎ ነው ወይ? ወንድምዎ ነው የሚል ሰማሁ» አላቸው። ወይዛዝርቱ ዞረው አዩአቸው። ወንድሙን ከሰል ቤት ያስተኛ ጌታ ሊባሉ ነው እንግዲህ! ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ አፋቸውን በጨርቅ ጠረጉ… እና «ወንድም የለኝም። አሽከሬ ነው። እንደ ደንባችሁ አድርጉት» አሉ።

እኔ እንደሆነ አልተቀየምኳቸውም። ጀላቲው እየቀለጠ እኮ ነው።

ግን ሳህሊቱ… ሀብተጊዮርጊስ ሰምቷል። ከከሰሉ ቤት ደረጃውን እየዳኸ ወጥቶ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ሰምቷል። አስተርጓሚው ተመልሶ ሲያልፍ አየውና ያሳዝነው ጀመር። «እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድምህ ናቸው ወይስ ጌታህ?» አለው። ባዳቾ ይኼን ጊዜ እኔ ልናገር ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ሀብተጊዮርጊስ እጁን ያዘው። ጨብጦ ያዘው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እውነታቸውን ነው፣ አሽከራቸው ነኝ» አለ።

እንግዳ ፊት ወንድሙ ውሸታም እንዳይባል። እየሞተ…

ቆይ፣ እንባዬን ልጥረግ። ዳታው ነው፣ ዳታው አቃጠለኝ።

የዚያኑ ዕለት ወደ ድሆቹ ቤት ወሰዱት። በነጋታው ለጌቶቹ በጀልባ ሽርሽር ተዘጋጅቶ ነበርና፣ የኛ ጌታ ሄዱ። ቃል የገቡበት ነገር ነው፣ እንዴት ይቅሩ? ባዳቾ ግን ጌታውን ለምኖ በእግሩ እየጠየቀ የድሆቹን ቤት አገኘው። ሲደርስ ሀብተጊዮርጊስ አልፏል። ሊቀብሩት ሲሉ ነው የደረሰው። ፍታት የሚፈታ ቄስ የለም፣ የክርስትና ስሙን የሚጠራ የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ባዳቾ እምነቱ ከኛ ይለያል፣ እኛ ፍታት የምንለውን አያውቅም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ በወላይትኛ ጸለየለት። «አማርኛው ለጸሎት ጠፋኝ እሜቴ፣ እግዜር ግን ሁሉን ይሰማል ብዬ» አለኝ። አፈር የጨመረበትም እሱ ነው። የሥጋ ዘመዱ ያልሆነው፣ አገር ያገናኘው ባዳቾ።

ጌቶቹም ዕረፍታቸውን ጨርሰው በባቡር ተነሡ። ጥሩ ዕረፍት ነበር ይላሉ።

እንግዲህ ሶዶ ሲገቡ የሆነውን አንቺም አይተሻል። ከመኪና ሳይወርዱ «ወንድሜን! ወንድሜን! የእናቴን ልጅ!» ብለው ሲጮኹ ከተማው ተነቃነቀ። ደረታቸውን ሲደቁ፣ ፊታቸውን ሲነጩ፣ ሰው ይዞ ማቆም እስኪያቅተው… እኔማ የራሴን ሐዘን ትቼ እሳቸውን አጽናናሁ። ያን ጊዜ ምንም አላውቅም። እንዴት ያለ ጉደኛ ባሕር ነው ግን! ሲሻገሩት ወንድም የነበረው አሽከር ይሆናል፣ ሲመለሱ ደግሞ አሽከሩ ወንድም ይሆናል።

ለዚህ ነው ይህን በሬ ሳየው የተደነቅኩት። ለአሽከሩ ተዝካር በሬ የሚጥል ጌታ አንቺ ከዚህ በፊት አይተሻል? እኔ አላየሁም።

ደግሞ ቸርነታቸው በዚህ አላበቃም። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደተጠሩ ታውቂያለሽ? ከምሳ በኋላ ስለ ሁምቦው መሬት ሊነጋገሩ ነው። ልጂቱ ሴት ናት፣ ገና ትንሽ ናት፣ እናቷም ብቻዋን ናት፣ ስለዚህ መሬቱን የሟች ወንድም ይያዘው ተብሎ። የሟች ወንድም… እኔ ሴት ነኝ፣ ሕግ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል። ሰው «ወንድም የለኝም» ብሎ በምስክር ፊት ከተናገረ፣ የሌለ ወንድሙን መሬት በምን ይወርሳል? ወይስ ጌታ አሽከሩን ይወርሳል የሚል አዲስ ሕግ ከሳንሬሞ መጥቷል? ይህን የሚያውቁ እንደ ባላምባራስ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ በወሬ ላይ ናቸው፣ አይሰሙኝም።

ምነው… ወሬው ቆመ? ባሕሩ ደረቀ እንዴ?

አየሽ፣ ባላምባራስ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ምን እያሏቸው ነው? ስሚ፣ ስሚ… «ይህ የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይ?» ነው የሚሉት። ኧረ እኔ ምን አልኩ? እኔኮ የማጫውተው አንቺን ነው! ስምም አልጠራሁ። እሳቸውስ ምን መለሱ? … «የፈረንጅ አገር ወጉ እንደዚያ ነው» አሉ? ሰማሽ ሳህሊቱ፣ ወግ ነው! እኛ አገር ወግ ስለማናውቅ ነው እንጂ።

ባዳቾን ጠሩት። ተነሣ፣ አየሽው? ወደ መሐል ሄደ። ባርኔጣ የለው፣ ነጭ ልብስ የለው… «የቤሌው ጌታዬ ቢያባርረኝም ያየሁትን እናገራለሁ» ይላል። ይኸው ተናገረ። ሁሉንም ተናገረ፣ እጁን የያዘውንም ጭምር። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ምነው አንቺም ደፋሽ? ቀና በይ።

ባላምባራስ ተነሡ። ዝም፣ ልስማ… «ዛሬ የተሰበሰብነው በወንድም ጉዳይ ነበር። ወንድም የለኝም ካሉ እኛም ጉዳይ የለንም። መሬቱ የልጂቱና የእናቷ ነው» አሉ። እሰይ የኔ ጌታ፣ እግዜር ያክብርልኝ! ልጄን ጥሪልኝ፣ ጉልበታቸውን ትሳም።

እና እኚህስ የት ሊሄዱ ነው? ገና ሥጋው አላለቀም፣ ገና የሴቶቹን የመታጠቢያ ጨርቅ ቀለም ለባላምባራስ ነግረው አልጨረሱም። ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ዝናብ ውስጥ ሊወጡ ነው፣ ያ ነጭ ልብስ ጭቃ ሊነካው! አንድም ሰው ሊሸኛቸው አልተነሣም። ይህማ ነውር ነው። በሬ ጥሎ የመጣ ሰው እንዴት ያለ ምርቃት ይሸኛል? በይ ሳህሊቱ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አብረሽኝ መርቂልኝ።

እግዚአብሔር ለኚህ ጌታ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ጤና ይስጥልኝ፣ ክብራቸውን ያብዛልኝ። ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ የበለጠ ባሕር ያሳይልኝ። ሰው ናቸውና አንድ ቀን በሰው አገር ቢታመሙ፣ ቢተኙ፣ ውኃ የሚያቀብል ቢያጡ… ያኔ ባዕድ አያስታምምብኝ። ያኔ ከራስጌያቸው የሚቆመው፣ ሐኪሙ «ዘመድ አለው ወይ?» ሲል የሚመልስላቸው ሰው፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ደግ ወንድም ይሁን።

አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።